ኮምፓይለርና ዲበገር ሳይግባቡ ሲቀሩ

ፕሮግራም መጻፍ የሚማር ባልንጀራችን ሁሉ ሁለት መሣሪያዎችን ያውቃል። አንደኛው ኮምፓይለር ነው፤ ይኸውም እኛ የጻፍነውን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚመልስ ተርጓሚ ነው። ሁለተኛው ዲበገር ነው፤ እርሱም ፕሮግራሙን በመካከል አቁሞ፣ በየመስመሩ እየተከተለ፣ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ የሚያሳየን መርማሪ ነው። ሁለቱ ሳይግባቡ ሲቀሩ ግን ጥፋቱን በራሳችን ጽሑፍ ላይ የማላከክ ልማድ አለን። ይህን ለማቅረብ የተነሣነው እኛም በዚሁ ልማድ ሁለት ሌሊት ስላባከንን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ለክፍል ሥራ በሲ ቋንቋ የጻፍነው ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ ይወድቅብናል። ኮምፓይለሩ አዲስ የገባ ጂሲሲ 11 ሲሆን፣ ዲበገሩ ግን ከዱሮው የቀረ ጂዲቢ 7 ነበር። ዲበገሩን ስንከፍት የድዋርፍ እትም ቁጥር 5 መሆኑን፣ መሆን የነበረበት ግን 2፣ 3 ወይም 4 መሆኑን የሚገልጽ መልእክት አወጣ። እኛ ግን በሚገባ ሳናነብ አልፈን የፕሮግራሙን እኩሌታ እንደ ገና ጻፍነው። ደኅና የነበረው ክፍል ሁሉ ባልበላው ዕዳ ተከሰሰ።

ለመሆኑ ድዋርፍ ምንድን ነው? ኮምፓይለር ሲተረጉም የመስመሮቹ ቁጥር፣ የተለዋዋጮቹ ስምና ዐይነት ከማሽኑ ቋንቋ ውስጥ ይጠፋሉ። «ጂ» የሚባለውን ምልክት ስንሰጠው ግን ይህን ሁሉ በመዝገብ ጽፎ ከፕሮግራሙ ጋር ያኖረዋል። በሊኑክስ ላይ መዝገቡ የሚጻፍበት ደንብ ድዋርፍ ይባላል። 5ኛው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ጂሲሲ በ2021 በወጣው 11ኛ እትሙ፣ ሳይጠየቅ በዚሁ ደንብ መጻፍ ጀመረ፤ ክላንግም በ2022 በ14ኛ እትሙ ተከተለው። አዲሱ ደንብ መዝገቡን እስከ 25 በመቶ ሊያሳንሰው ስለሚችል ለውጡ ያለ ምክንያት አልነበረም። ዳሩ ግን ከጂዲቢ 8 በፊት የነበሩት እትሞች ይህን መዝገብ ማንበብ አይችሉም። የሜሞሪ ስሕተት የሚፈልገው ቫልግሪንድም ማንበብ የቻለው ከ3.17 እትሙ ጀምሮ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም በቅደም ተከተል መመርመር ይገባል።

1ኛ/ መልእክቱን እስከ መጨረሻው ማንበብ። የእትም ቁጥር ከጠቀሰ ነገሩ የመሣሪያዎቹ አለመግባባት ነው። የምርመራ ምልክት አልተገኘም ብቻ ካለ ግን «ጂ» ተረስቷል፣ ወይም መዝገቡ ከፕሮግራሙ ላይ ተነሥቷል። ተለዋዋጩ በማሻሻል ምክንያት ጠፍቷል ካለ ደግሞ ሁለቱ ተግባብተዋል፤ ኮምፓይለሩ ለፍጥነት ሲል አስወግዶታልና የማሻሻያውን ደረጃ ወደ ዜሮ ዝቅ አድርጎ መተርጐም ነው።

2ኛ/ አምስት መስመር ያላት ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ መሞከር። በእርሷም ላይ ያው መልእክት ከወጣ ዲበገሩን ያሳወረው የእኛ ጽሑፍ አይደለም።

3ኛ/ የሁለቱንም መሣሪያዎች እትም ጠይቆ በደብተር መጻፍ። ሪድኤልፍ በተባለው መሣሪያም መዝገቡ በስንተኛው ደንብ እንደ ተጻፈ ማየት ይቻላል።

4ኛ/ መድኃኒቱን መምረጥ። የሚሻለው ዲበገሩን ማደስ ነው። ማሽኑ የጋራ ሆኖ ይህ ካልተፈቀደልን ግን «ጂድዋርፍ 4» በሚለው ምርጫ ኮምፓይለሩ በዱሮው ደንብ እንዲጽፍ ማዘዝ ነው።

እዚህ ላይ እኛን ያሰናከለን ሌላ ነገር አለ። ምርጫውን ጨምረን ብንሞክርም ያው መልእክት ተመለሰ። ሜክ የተባለው መሣሪያ የሚያየው ፋይሎቹ የተለወጡበትን ሰዓት እንጂ የምርጫውን መለወጥ አይደለም፤ የጻፍናቸው ፋይሎች ስላልተነኩ ቀድሞ የተተረጐሙትን እንዳሉ ተዋቸው። ስለዚህ የተተረጐሙትን ፋይሎች በሙሉ አጥፍቶ ከመጀመሪያው መተርጐም ያስፈልጋል።

ይህን ካደረግን በኋላ ዲበገሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስሕተቱን አሳየን። የሰንሰለቱ መጨረሻ ባዶ መሆኑን ሳንጠይቅ ወደሚቀጥለው አልፈን ኖሯል። ጥፋቱ አንድ መስመር ነበር፤ ሁለት ሌሊት ደኅናውን ስናፈርስ ያች መስመር ከስፍራዋ አልተነቃነቀችም።

ባልንጀሮቻችን ሆይ፣ የማስረከቢያው ቀን ሲቀርብ የምንቸኩለው ወደ ጽሑፋችን ነው። ዳሩ ግን ምስክሩ የዳኛውን ቋንቋ ሳይሰማ በተከሳሹ ላይ መፍረድ አይገባም። በአዲስ ማሽን ላይ ሥራ ስንጀምር፣ ገና ምንም ሳይበላሽ፣ በትንሿ ፕሮግራም ኮምፓይለሩንና ዲበገሩን አብረን እንፈትን። ይህ የሚወስደው አምስት ደቂቃ ነው።