ፋታውን ማን ይሰጣል? ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ፊልም በመማሪያ ክፍል ውስጥ

አጠቃሎ

ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ፊልም ለክፍል ትምህርት ሲውሉ ውጤታቸው የሚለያየው በመሣሪያው ዘመናዊነት ብቻ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ወሳኙ ጉዳይ ተማሪው የሚያስብበትንና የሚመልስበትን ፋታ የመስጠት ሥልጣን በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ጽሑፉ የኢትዮጵያን የ«ፕላዝማ» ትምህርት፣ የኒካራጓን የሬዲዮ ሒሳብ ትምህርት፣ እንዲሁም የሬዲዮ ትረካንና ፊልምን በምሳሌነት ይመለከታል፤ በመጨረሻም ለቀጣይ ጥናት የሚበጅ አቅጣጫ ይጠቁማል።

ቁልፍ ቃላት፦ ትምህርታዊ ስርጭት፣ ፋታ፣ ፕላዝማ፣ የሬዲዮ ትምህርት፣ የመምህር ሚና

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃንን ለትምህርት የማዋል ልማድ ዕድሜ ጠገብ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ ትምህርታዊ ዝግጅቶችም ከዚያ ዘመን አንሥቶ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ወደ ትምህርት ቤቶች ሲደርሱ ቆይተዋል። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት መሰራጨት ጀመረ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እንደገና ዋና አማራጭ ሆኑ። በእነዚህ ሁሉ አጋጣሚዎች ጎልቶ የሚነሣው ጥያቄ የስርጭቱ ተደራሽነት ነው። ተደራሽነት ግን የመጀመሪያው ደረጃ እንጂ መጨረሻው አይደለም፤ ስርጭቱ ክፍል ከገባ በኋላ በተማሪው አእምሮ ውስጥ ምን ይከናወናል የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

2. የንድፈ ሐሳብ መነሻ

ሪቻርድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የትምህርት ውጤትን የሚለውጠው የማስተማሪያ ስልቱ እንጂ ስልቱን ተሸክሞ የሚያደርሰው መሣሪያ አይደለም ሲል ተከራከረ። እህል የጫነ መኪና የበላተኛውን ጤና እንደማይወስን ሁሉ፣ ሬዲዮም ሆነ ቴሌቪዥን በራሱ ዕውቀት አይጨምርም ማለቱ ነው። ሮበርት ኮዝማ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1991 እያንዳንዱ የመገናኛ ዘዴ የራሱ የሆነ የአቀራረብ ችሎታ እንዳለው፣ ተማሪም ዕውቀት የሚገነባው ከዚሁ ችሎታ ጋር ተጋግዞ መሆኑን በማመልከት አስተያየቱን ሞገተ።

ሁለቱን ወገኖች የሚያቀራርቡ የሙከራ ውጤቶች አሉ። ጋቭሪኤል ሳሎሞን እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳየው፣ ልጆች ቴሌቪዥንን «ቀላል» ብለው ስለሚገምቱት ከሚያነቡት ጽሑፍ ያነሰ የአእምሮ ጥረት ያደርጉበታል። ሪቻርድ ማየርና ፖል ቻንድለር እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ መብረቅ አፈጣጠር የሚያስረዳ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለሁለት ዓይነት ተመልካቾች አቀረቡ። ትምህርቱን በትናንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ፣ ወደ ቀጣዩ የሚያልፉበትን ጊዜ ራሳቸው እየወሰኑ የተከታተሉት፣ ሳያቋርጡ ከተከታተሉት ይልቅ የተማሩትን ለአዲስ ችግር መፍቻ በማዋል ተሽለው ተገኙ። ከሁለቱ ጥናቶች የሚጨመቀው ሐሳብ፣ የሚፈስ ድምፅና ምስል ጥረትን የሚጠይቅ ፋታ ካልተበጀለት ሳይጨበጥ ሊያልፍ የሚችል መሆኑ ነው።

3. ፋታ ያልነበረው ስርጭት

የፕላዝማ ትምህርት የታቀደበት ዓላማ የሚናቅ አልነበረም። በየብስ ርቀት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ተመሳሳይ ጥራት ያለው ትምህርት እንዲያገኙ፣ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤትም ሙከራውን ቢያንስ በምስል እንዲያይ ታስቦ ነበር። ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ሒሳብን፣ የተፈጥሮ ሳይንስንና እንግሊዝኛን የመሳሰሉ ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ተዘጋጅተው በአንድ ሰዓት ለሁሉም ይተላለፉ ነበር።

ችግሩ የመነጨው ከዚሁ አንድነት ነው። የክፍለ ጊዜው አብዛኛው ክፍል በስርጭቱ የሚያዝ ሲሆን፣ ለመምህሩ የሚቀረው በመግቢያውና በመዝጊያው ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ስርጭቱ ለአገር ሁሉ ስለሚተላለፍ ለአንድ ክፍል ተብሎ አይቆምም፤ ወደ ኋላም አይመለስም። በስክሪኑ ላይ የሚቀርብ መልመጃ የራሱ ጊዜ ቢኖረውም፣ ጊዜው ሲያበቃ ተማሪው ጨረሰም አልጨረሰም መልሱ ይመጣል። መብራት ከጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል።

በዚህ ላይ የቋንቋ ጫና ይታከላል። በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የቆየ ተማሪ ባዕድ አነጋገር ባለው ፈጣን እንግሊዝኛ ሲማር፣ ቃሉን ለመረዳት የሚፈጅበት ጊዜ ፅንሰ ሐሳቡን ከሚረዳበት ጊዜ ላይ ይቀነሳል። መምህሩ የተማሪዎቹን ፊት አይቶ ያልገባቸውን ቢለይም፣ የለየውን ለማስተካከል የሚያስችል ፋታ የለውም። እዚህ ላይ የታጣው የመምህሩ ክብር ብቻ አይደለም፤ ግንዛቤን መዝኖ ወዲያው የማረም ሙያዊ ተግባሩ ጭምር ነው።

4. ፋታ የተጻፈበት ስርጭት

ስርጭት በባሕርይው ፋታ አይሰጥም ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1974 በኒካራጓ የተጀመረውና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት የሬዲዮ ሒሳብ ፕሮጀክት ተቃራኒውን ያሳያል። በዚህ ትምህርት የሬዲዮው ድምፅ ጥያቄ ይጠይቅና ዝም ይላል፤ ልጆቹ ጮኽ ብለው ይመልሳሉ፤ ከዚያ ትክክለኛው መልስ ይነገራል። ሬዲዮው ልጆቹን አይሰማም፤ ዝምታው ግን በድርሰቱ ውስጥ ተለክቶ የተጻፈ ነው። አዘጋጆቹ ልጆቹን በክፍል ውስጥ እየተመለከቱ ዝግጅቱን ያርሙት ነበር፤ ከስርጭቱ በኋላ ያለውን መልመጃም የሚመራው መምህሩ ነበር።

ስለዚህ በመሣሪያ ረገድ ደካማ የሚመስለው ሬዲዮ፣ ውድ ከሆነው ስክሪን ይልቅ ለተማሪው ተሳትፎ የተሻለ ቦታ ሊተው ችሏል። ልዩነቱ የተፈጠረው ዝምታ እንደ ባዶ ጊዜ ሳይሆን እንደ ትምህርቱ አካል በመታሰቡ ነው።

5. ፋታው በመምህሩ እጅ ሲሆን

የተቀረጸ ድምፅና ፊልም ሥልጣኑን ለመምህሩ ይመልሱለታል። ለሥነ ጽሑፍ ትምህርት ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» የሚለው ቃል ጠብቆ ሲነበብ በዓሉን፣ ላልቶ ሲነበብ «እስከ አሁን» የሚለውን ፍች ይይዛል። ስለዚህ ማንኛውም ተራኪ በየዐረፍተ ነገሩ ውሳኔ ይወስናል። ተማሪዎች አስቀድመው አንድ ገጽ በጽሞና አንብበው የሚጠብቀውን ድምፅ፣ የሚረግጡትን ቃልና የሚያርፉበትን ቦታ ምልክት ቢያደርጉ፣ ከዚያም ትረካውን እያስቆሙ ቢያዳምጡ፣ ንባብ ራሱ ትርጓሜ መሆኑን ይገነዘባሉ። ይህ የታተመው ገጽ ብቻውን የማይሰጠው፣ ኮዝማ እንዳለው የመገናኛ ዘዴው የራሱ ችሎታ የሆነ ትምህርት ነው።

ለታሪክ ትምህርት ደግሞ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) ሊጠቀስ ይችላል። ፊልሙ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ምሁርን ሕይወት እየተከተለ የደርግን ዘመን ያነሣል። ሙሉውን በአንድ ጊዜ ማሳየት ተማሪውን ወደ ተመልካችነት ብቻ ይመራዋል። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚሆን ቅንጭብ መርጦ፣ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ሰጥቶ፣ አንድ ጊዜ ያለ ድምፅ፣ ሌላ ጊዜ ከነድምፁ አሳይቶ፣ በመካከሉ የታየውን ከተገመተው ለይተው እንዲጽፉ ማድረግ ግን ፊልሙን የምርመራ ሰነድ ያደርገዋል። ፊልሙ ልብ ወለድ በመሆኑ የሚጠየቀው «ምን ሆነ?» ብቻ ሳይሆን «የሆነው እንዴት ይታወሳል?» የሚለውም ነው።

6. ለቀጣይ ጥናት

ከላይ የተባለው በአገራችን ክፍሎች ሊፈተሽ የሚገባው ግምት ነው። ስርጭት ያለውን ክፍል ከሌለው ጋር ብቻ የሚያነጻጽር ጥናት መሣሪያውንና ስልቱን ስለሚያደባልቅ፣ የክላርክን ተቃውሞ አይመልስም። የተሻለው መንገድ አንዱን ትምህርት በሦስት ዓይነት ማቅረብ ነው፦ ሳይቋረጥ፣ ፋታ ተጽፎበት፣ እንዲሁም መምህሩ በፈለገው ቦታ እያስቆመው። ፋታ ጊዜ ስለሚጨምር፣ ያለ ፋታ የሚማረው ቡድን እኩል የመማሪያ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ አለዚያ የታየው ለውጥ ከፋታው ይሁን ከትርፍ ደቂቃው አይለይም። የአንድ ክፍል ተማሪዎች አብረው ስለሚማሩም ትንተናው ይህን ጥገኝነት ከግምት ማስገባት አለበት። ከፈተና ውጤት ጎን ለጎን፣ ስርጭቱ ሲቆም ማን እንደተናገረ፣ በምን ቋንቋና ስለምን እንደተናገረ መመዝገብ ያስፈልጋል።

7. ማጠቃለያ

መሣሪያ ይለዋወጣል፤ ትናንት ሬዲዮና ፕላዝማ የነበረው ዛሬ በስልክ የሚታይ ቪዲዮ ሆኗል። ትምህርታዊ ዝግጅት የሚገዛ፣ የሚያዘጋጅ ወይም የሚያጠና ሁሉ ከምስሉ ጥራት አስቀድሞ ተማሪው የሚያስብበት ጊዜ የት እንደተቀመጠና መምህሩ ያንን ጊዜ ማራዘም ይችል እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባል። ይህ ጥያቄ በዕቅድ ጊዜ ሳይነሣ ከቀረ፣ ዋጋውን በኋላ የሚከፍለው በክፍል ውስጥ ያለው ተማሪ ነው።