ክትባቱ ለምን ወደ ትምህርት ቤት ሄደ?

እንደሚታወቀው በአገራችን አብዛኞቹ መደበኛ ክትባቶች የሚሰጡት ለሕፃናት ነው። እናት ልጇን አዝላ በቀጠሮዋ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። የ14 ዓመት ልጃገረድ ግን ካልታመመች በስተቀር ወደዚያ የምትሄድበት ምክንያት የላትም። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት ሲመጣ የተነሣው ጥያቄም ይኸው ነበር፤ ጤነኛዋን ልጅ የት እናገኛታለን?

ለካንሰሩ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ መነሻ የሚሆነው ሂውማን ፓፒሎማ የተባለው ቫይረስ ነው። ከዝርያዎቹ መካከል 16 እና 18 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ሁለቱ ብቻ 70 በመቶ ለሚሆነው ሕመም ምክንያት ናቸው። በክትባቱ ውስጥ ቫይረሱ ራሱ የለም። ያለው የቫይረሱ ውጫዊ ሽፋን የሚሠራበት ፕሮቲን ሲሆን፣ ይህም በራሱ ተገጣጥሞ ቫይረስ የሚመስል ባዶ ቅርፊት ይሆናል። ቅርፊቱ ዘረመል ስለሌለው ሊባዛ አይችልም፤ ሰውነት ግን ለይቶት ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

ይሁን እንጂ ክትባቱ አስቀድሞ የገባን ቫይረስ አያስወግድም። በመሆኑም ግብረ ሥጋ ግንኙነት ከመጀመሩ በፊት መሰጠት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶችን በቅድሚያ የመረጠው ለዚህ ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙዎቹን በአንድ ግቢ የሚሰበስብ ተቋም ከትምህርት ቤት ሌላ የለም።

ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2011 ክትባቱን ለ6ኛ ክፍል ልጃገረዶች በትምህርት ቤት ስትሰጥ ሽፋኑ ከ90 በመቶ በላይ ሆነ። የቀሩትን ደግሞ በየመንደሩ ያሉ የጤና ሠራተኞች ፈለጓቸው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የ14 ዓመት ልጃገረዶችን መከተብ የጀመረችው በዋናነት በትምህርት ቤቶች ነው።

በመጀመሪያው ዙር የተከተበች ተማሪ ለሁለተኛው ዙር ላትገኝ ትችላለች፤ ትታመማለች፣ አገር ትቀይራለች፣ ትዳራለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 አንድ ጊዜ ብቻ መከተብም አማራጭ ሊሆን እንደሚችል ማስታወቁ ይህን ችግር አቃልሎታል።

ያልተቃለለው ሌላ ነው። ለምሳሌ በአንድ ወረዳ 100 የ14 ዓመት ልጃገረዶች አሉ እንበል። ከእነዚህ ውስጥ 70ዎቹ ትምህርት ቤት ገብተው 63ቱ ቢከተቡ፣ በትምህርት ቤቱ ስሌት ሽፋኑ 90 በመቶ ነው፤ በወረዳው ስሌት ግን 63 በመቶ። ሁለቱም ሒሳቦች ትክክል ናቸው፤ የተለያየው አካፋዩ ነው። ሪፖርት የሚያነብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ አካፋዩን መጠየቅ ይኖርበታል እላለሁ። ከትምህርት ገበታ ውጪ ያሉት 30 ልጃገረዶች ኋላም፣ ለአቅመ ሔዋን ደርሰው፣ ለምርመራ ወደ ሐኪም የመሄድ ዕድላቸው የጠበበ ነው። ስማቸው በመምህሩ መዝገብ ላይ ባይገኝም፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቤተሰብ ማኅደር ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ሁለቱ መዛግብት ጎን ለጎን ቢነበቡ ማን እንደቀረች በስም ትታወቃለች።