የዶሮ የዘር ሴል ስለ ወንዶች ካንሰር ምን ይነግረናል?

ዛሬ በጣም ትንሽ ሆና ትልቅ ስራ ስለምትሰራ ነገር እናወራለን፦ ማይክሮ አር ኤን ኤ።

👉 ምንድን ናት?
ሴል የጂንን ትዕዛዝ አንብቦ ፕሮቲን ይሰራል። ማይክሮ አር ኤን ኤ 22 ገደማ "ፊደላት" ብቻ ያሏት ቁራጭ ስትሆን፣ ትዕዛዙ ላይ ተለጥፋ የፕሮቲኑን ምርት ትቀንሳለች። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን እ.ኤ.አ. በ1993 በአንዲት ደቃቃ ትል ላይ ይህን አሳይተው በ2024 ኖቤል ተሸልመውበታል።

👉 ከዶሮ ጋር ምን አገናኛት?
እንቁላል ውስጥ እያደገ ባለ ጫጩት፣ የዘር ሴሎች በደም ተጉዘው ነው ቦታቸው የሚደርሱት። ተመራማሪዎች ከዚያ ደም ወስደው ላብራቶሪ ውስጥ ያሳድጓቸዋል። የእድገት ፕሮቲን ካልተጨመረላቸው ግን ይሞታሉ። በእነዚህ ሴሎች ውስጥ ሚአር-302 የሚባለው የማይክሮ አር ኤን ኤ ቤተሰብ በብዛት ይገኛል። የዚህ ቤተሰብ አባላት ሲታገዱ ሴሎቹ የሚባዙበት ፍጥነትና የሚሞቱት ብዛት ይለወጣል።

👉 እኛንስ ምን አገባን?
በሰው ላይ የሚአር-302 የቅርብ ዘመድ አለች፦ ሚአር-371። በጤነኛ ትልቅ ሰው ደም ውስጥ እምብዛም አትገኝም። አብዛኞቹ የዘር ፍሬ (የቆለጥ) ካንሰሮች ግን ወደ ደም ይለቋታል። ለዚህም ነው እንደ ደም ምርመራ እየተጠናች ያለችው። ሆኖም ቴራቶማ የሚባለውን ዓይነት አታሳይም፤ ስለዚህ ዛሬም ዋናው ነገር ራስን ማወቅና አልትራሳውንድ ነው።

👉 ምን እናድርግ?
ይህ ካንሰር በብዛት የሚታየው ከ15 እስከ 35 ዓመት ባሉ ወጣቶች ላይ ነው። ገላችሁን ስትታጠቡ ዳሰስ አድርጉ፦
✅ የማያም እብጠት ወይም ጠጠር ያለ ነገር
✅ የአንዱ ፍሬ መጠን መጨመር
✅ የክብደት ስሜት
ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ "አላመመኝም" ወይም "ያሳፍራል" ብላችሁ አትቆዩ፤ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ። በጊዜ ከተደረሰበት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ።

እናቶችና አባቶች፣ የልጃችሁ ቆለጥ 6 ወር ሞልቶት ካልወረደ አሳዩት። ያልወረደ ቆለጥ ለዚህ ካንሰር ያለውን ተጋላጭነት ይጨምራል።

ለወንድሞቻችሁና ለጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።