በመርፌ ቀዳዳ የአይጥን ልብ ማየት

ሐዋሳ ፒያሳ ላይ የአንድ ክፍል መስኮት ሸፍነን ጠባብ ቀዳዳ ብንተው፣ መንገዱ ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ይታየናል። ኢብኑ አል-ሀይሠም ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት ይህንን በፀሐይ ግርዶሽ አጥንቶታል።

አዲስ መድኃኒት በአይጥ ሲሞከር ብዙዎቹ የስፔክት መሣሪያዎች የሚያዩት በዚሁ መላ ነው። ጋማ ጨረርን ሌንስ አያጥፈውም፤ ስለዚህ የእርሳስ ወይም የተንግስተን ሰሌዳ ይበሳል። አይጧ ከቀዳዳው 3 ሳንቲ ሜትር፣ ዲቴክተሩ 15 ሳንቲ ሜትር ቢርቁ ምስሉ 5 እጥፍ ይጎላል። 3 ሚሊ ሜትር የሚለይ ዲቴክተር 0.6 ሚሊ ሜትር ይለያል ማለት ነው፤ ቀዳዳው ራሱ የሚያደበዝዘውን ሳንቆጥር።

ቀዳዳውን ብናጠብስ? ዲያሜትሩ በግማሽ ሲቀንስ የሚያልፈው ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። በመርፌ የሚሰጣትን ጨረር አመንጪ መድኃኒት ብንጨምር ደግሞ አይጧ ትጎዳለች፣ ሙከራውም ይበላሻል። እኛን ያሳመነን ቀዳዳዎቹን ማብዛት ነው፤ የተደራረቡትን ምስሎች ኮምፒውተር ይለያያቸዋል።