ቫይረስ ለምን ይለዋወጣል? ከድጓ ቅጂ እስከ ገብስ ማሳ

በደቡብ ጎንደር በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም በድጓ ማስመስከሪያነቷ የታወቀች ጉባኤ ቤት ናት። ከልዩ ልዩ አካባቢ የሚመጡ ደቀ መዛሙርት የቅዱስ ያሬድን ድጓ ከነዜማው አጥንተው በመምህራን ፊት ይፈተኑባታል። በጥንቱ ሥርዓት የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ከፊደሉ በላይም ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናትና ርክርክ የተባሉትን የመሳሰሉ የዜማ ምልክቶችን ያኖራል። አንድ ምልክት ቢዘለል ዜማው ይለወጣል። ስለዚህ የኔታ ቅጂውን እየተመለከቱ ያርማሉ። ይህ ሥርዓት ቫይረስ እንዴት እንደሚለዋወጥ ለመረዳት የሚረዳ ምሳሌ ነው።

ሕዋስና ሕብረ ሕዋስ

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከሕዋስ የተሠራ ነው። ተመሳሳይ ሥራ ያላቸው ሕዋሳት ሲተባበሩ ሕብረ ሕዋስ ይባላሉ። በገብስ ተክል ውስጥ ዛይለም የተባለው ሕብረ ሕዋስ ውኃን ከሥር ወደ ቅጠል ያወጣል፤ ፍሎየም የተባለው ደግሞ በቅጠል የተዘጋጀውን ምግብ ወደ ሌላው የተክሉ ክፍል ያደርሳል። በሰውም እንዲሁ የአፍንጫን፣ የጉሮሮንና የሳንባን ውስጠኛ ገጽ የሚሸፍን ስስ ሕብረ ሕዋስ አለ። ሕዋስ ሥራውን የሚያከናውነው በውስጡ ባለው ዲ ኤን ኤ በተባለ የትእዛዝ ጽሑፍ መሠረት ነው። የዚህ ጽሑፍ አንቀጾች ዘረመል ይባላሉ።

ቫይረስ ምንድን ነው?

ቫይረስ ራሱን የቻለ ሕዋስ አይደለም፤ በፕሮቲን የተሸፈነ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ብቻውን አይመገብም፣ አያድግም፣ አይራባም። ወደ ሕያው ሕዋስ ሲገባ ግን የሕዋሱን መሣሪያ ተጠቅሞ ራሱን በብዛት ያስገለብጣል። ለኮቪድ-19 መንስኤ የሆነው ቫይረስ ጽሑፉ አር ኤን ኤ ሲሆን 30,000 ያህል ፊደላት አሉት። ከላዩ የስብ ልባስ አለው፤ ሳሙና ቫይረሱን የሚያጠፋው ይህን ልባስ ስለሚያፈርስ ነው። በልባሱ ላይ ያሉት እሾህ መሰል ፕሮቲኖች ደግሞ ከሰው ሕዋስ ጋር የሚያያዝባቸው ናቸው። ባክቴሪያን የሚገድሉ መድኃኒቶች ቫይረስን አይገድሉም።

ዕፀዋትም በቫይረስ ይታመማሉ። የተክል ሕዋስ ጠንካራ ግድግዳ ስላለው ቫይረሱ በቀላሉ ሊገባ አይችልም፤ ብዙ ጊዜ በር የሚከፍትለት ነፍሳት ነው። ገብስን የሚያቀጭጭና ቅጠሉን የሚያቢጫ አንድ ቫይረስ አለ። ክሽክሽ የታመመውን ተክል መጥጣ ወደ ጤነኛው ስትሄድ ቫይረሱን በቀጥታ ወደ ፍሎየም ታደርሰዋለች።

የዘረመል ለውጥ

ቫይረሱ በሚገለበጥበት ጊዜ አንዳንድ ፊደል ይሳሳታል። ይህ ስሕተት የዘረመል ለውጥ ወይም ሚውቴሽን ይባላል። የኮሮና ቫይረስ የራሱ አራሚ ፕሮቲን አለው፤ ሆኖም ሁሉንም ስሕተት አያርምም። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ እንዲህ ያለ አራሚ ስለሌለው ይበልጥ ፈጥኖ ይለዋወጣል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር በአዲስ አበባ ብዙ ሕዝብ የፈጀውና እስከ ዛሬ የኅዳር በሽታ ተብሎ የሚታወሰው ወረርሽኝ የኢንፍሉዌንዛ ነበር።

ቫይረስ አስቦ ወይም አቅዶ አይለወጥም። አብዛኛው ስሕተት ምንም ለውጥ አያመጣም፤ አንዳንዱም ቫይረሱን ራሱን ያዳክማል። ጥቂቱ ግን በቶሎ እንዲተላለፍ ወይም ከሰውነት የመከላከል አቅም እንዲያመልጥ ይረዳዋል። እንዲህ ያለው ቅጂ ከሌሎቹ በልጦ ይሠራጫል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ኦሚክሮን ብሎ የሰየመው ዝርያ በእሾሁ ፕሮቲን ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጦች ነበሩት።

የዘረመል ልዩነት ሁልጊዜ ጎጂ አይደለም። ከኢትዮጵያ የገብስ ዝርያዎች የተገኘ አንድ ዘረመል ከላይ የተጠቀሰውን የገብስ ቫይረስ ይቋቋማል፤ የሌሎች አገሮች የእርሻ ተመራማሪዎችም ከራሳቸው ገብስ ጋር አዳቅለው ተጠቅመውበታል። ገበሬው የአያቶቹን ዘር ጠብቆ ማቆየቱ ለዓለም የሚተርፍ ጥቅም አለው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ቫይረስ የሚለወጠው ሲገለበጥ ነው፤ የሚገለበጠውም በተያዘ ሕያው ሕዋስ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከመያዝ በዳነ ቁጥር ቫይረሱ የሚሳሳትበት አንድ ዕድል ይዘጋል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን ክትባት የተጀመረው ልክ በዓመቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ቫይረሱ ተለውጧልና ክትባት ከንቱ ነው የሚለው ንግግር ትክክል አይደለም። ክትባቱ ከአዳዲስ ዝርያዎች መያዝን ሁልጊዜ ባያስቀርም በጽኑ ከመታመምና ከመሞት ይከላከላል።

በጉባኤ ቤት ብዙ ተማሪዎች በጠባብ ጎጆ አብረው ያድራሉ፤ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማዜምም ከተራ ንግግር ይልቅ ብዙ የትንፋሽ ጠብታ ያወጣል። ዕድሜያቸው የገፋ መምህራን ደግሞ በበሽታው ይበልጥ ይጎዳሉ። አንድ ሊቅ ሲያልፍ ገና ለተማሪ ያልደረሰ ዕውቀት አብሮ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ፦

• ዜማው ከቤት ውጭ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ተራርቆ ተቀምጦ ቢቀጸል ይመረጣል።
• ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ተማሪ ወደ የኔታ አይቀርብም፤ ባልንጀሮቹ ምግቡን ከደጁ ያድርሱለት።
• ቁራሽ ለመለመን የሚወጣ ተማሪ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ሲመለስም እጁን በሳሙና ይታጠብ።
• መምህራንና አረጋውያን በቅድሚያ ይከተቡ።
• ሕመም የጠናበት ሰው ሳይዘገይ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይወሰድ።