የጎተራ እህልና የሰውነት ስብ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር የሴት ልጅ ሥራ ከጥንት ጀምሮ ብርቱ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ እህል በድንጋይ ወፍጮ ትፈጭ ነበር፤ እንስራ በጀርባዋ አዝላ ከወንዝ ውኃ ትቀዳ ነበር፤ እንጨትም ተሸክማ ዳገት ትወጣ ነበር።

ዛሬ ግን በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተማ ኑሮ ተለውጧል። እህሉ በወፍጮ ቤት ይፈጫል፤ ውኃው በቧንቧ ይመጣል፤ ወደ ገበያም ባጃጅ ያደርሳል። ሥራው ሲቀንስ መሶቡ አልቀነሰም። በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካላቸው ሴቶች ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ግን 8 ሆኑ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ተመቻት» ይላል። ነገር ግን ከመጠን ያለፈ ውፍረት የስኳር በሽታን፥ የደም ግፊትንና የልብ ሕመምን ያመጣል።

ስብ በጎተራ እንደ ተከተተ እህል ነው። ገቢ ብቻ ሆኖ ወጪ ከሌለ ጎተራው ይሞላል። ጡንቻ ሲሠራ ግን ኃይል ስለሚሻ ከዚያ ጎተራ ይወጣለታል። ሴቲቱ ሥራውን ካላቋረጠች ጡንቻዋ ስብን ማቃጠል ይለምዳል፤ ልቧም በርትቶ በአንድ ምት ብዙ ደም ይረጫል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር ባወጣው ምክር፥ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፥ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። የብርቱ እንቅስቃሴ ምልክቱ ትንፋሽ ነው፤ አቀበት ፈጥና የምትወጣ ሴት ጥቂት ቃል ተናግራ ለመተንፈስ ካቋረጠች፥ ሥራዋ ብርቱ ነው።

ሆኖም ወፍራም ሴት በድንገት ሩጫ አትጀምር። ሕመም ካለባት አስቀድማ ሐኪም ትጠይቅ፤ ከዚያም በደልዳላ መንገድ ፈጠን ብላ ትሂድ፤ ሰውነቷ ሲለምድ አቀበቱን ትጨምር። ሚዛኑ ቶሎ ባይቀንስም ተስፋ አትቁረጥ፤ በሆድ ዕቃ ዙሪያ ያለው ስብ ኪሎው ሳይጎድል ሊቀንስ ይችላልና። ቀድሞ ሦስት ጊዜ ያረፈችበትን የቤተ ክርስቲያን ዳገት ዛሬ ሳታርፍ ከወጣችው፥ ድካሟ ከንቱ አልሆነም።

ጎረቤትም ጤናዋን ፈልጋ በማለዳ በምትራመድ ሴት አይሣቅ፤ ይልቁንም አብሯት ይውጣ። ጎተራ በአንድ ቀን አልሞላም፤ በአንድ ቀንም አይጎድልም፤ በየዕለቱ እፍኝ ቢወጣለት ግን ይጎድላል።