ሚዛኑ ሌላ፣ ደሙ ሌላ፦ የአካባቢ አመጋገቦች በቁጥር ሲነጻጸሩ

«የሜዲትራኒያን አመጋገብ ክብደት ይቀንሳል»፤ «የጃፓን ደሴቶች ምግብ ዕድሜ ያረዝማል»፤ «እንጀራ የተወ ሰው ከስኳር በሽታ ይገላገላል»። እንዲህ ያሉ አባባሎች ለጆሯችን አዲስ አይደሉም። በቤቱ የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ተማሪ ግን ሰምቶ ብቻ አያልፋቸውም፤ «እናቴ ታዲያ ምን ትብላ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ሙያችን ፊዚክስ ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ሲነጻጸሩ «በምን መለኪያ? ከምን ጋር? ለምን ያህል ጊዜ?» ብሎ መጠየቅ የፊዚክስ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሦስት አካባቢዎችን አመጋገብ በእነዚህ ጥያቄዎች እንመረምራለን።

ሁለት የተለያዩ መጠኖች

በቅድሚያ ክብደትና የደም ስኳር አንድ ነገር አለመሆናቸውን እናስተውል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ የሚመገብ ሰው እንውሰድ። አንድ ኪሎ ካሎሪ 4,184 ጁል ስለሆነ የቀኑ ምግብ 8.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ይሆናል። ይህን በአንድ ቀን ውስጥ ላሉት 86,400 ሰከንዶች ስናካፍል 97 ዋት እናገኛለን። በሌላ አነጋገር የሰው አካል ሌትም ቀንም እንደሚበራ ባለ 100 ዋት አምፖል ኃይል ይፈጃል። ከፍጆታው የተረፈው በአብዛኛው በስብ መልክ ይከማቻል፤ አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ክብደት እንግዲህ የክምችት መለኪያ ነው።

የደም ስኳር ነገር ከዚህ ይለያል። አንድ አዋቂ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው። ጤነኛ ሰው በባዶ ሆዱ ሲለካ በእያንዳንዱ ዴሲ ሊትር ውስጥ 90 ሚሊ ግራም ያህል ግሉኮስ ይገኛል። ስሌቱን ስንሠራ በመላው ደሙ ውስጥ የሚዘዋወረው ግሉኮስ 4.5 ግራም ብቻ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። ልኬቱ በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲደጋገም ሐኪሞች የስኳር በሽታ ይሉታል፤ ይህም በእኛ ስሌት 6.3 ግራም ይሆናል። በጤናና በሕመም መካከል ያለው ልዩነት 2 ግራም እንኳ አይሞላም! በአንጻሩ አንድ ምሳ ብቻውን በአሥሮች የሚቆጠር ግራም ግሉኮስ ወደ ደም ይለቃል። ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ጡንቻና ጉበት ይህን ጎርፍ ተቀብለው እንዲያስቀምጡት ያደርጋል። ስለዚህ የደም ስኳር የፍሰትና የቁጥጥር ጉዳይ ነው። ክምችትና ፍሰት ይዛመዳሉ፤ አንዱን መለካት ግን ሌላውን መለካት አይደለም።

በምን መለኪያ? የዲሞና ሙከራ

በእስራኤል ደቡብ፣ በዲሞና ከተማ አጠገብ በሚገኝ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 ድረስ አንድ ሙከራ ተካሄደ። ውጤቱም በ2008 ታተመ። ተሳታፊዎቹ 322 ሰዎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ፤ አማካይ ዕድሜያቸው 52 ዓመት ነበር። የቀኑን ዋና ምግብ፣ ማለትም ምሳን፣ በማዕከሉ ካፍቴሪያ ይመገቡ ስለነበር የሚበሉትን መከታተል ተቻለ። በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን ቅባት የቀነሰና ካሎሪው የተወሰነ ምግብ ደረሰው። ሁለተኛው የሜዲትራኒያን አመጋገብን ተከተለ፤ ካሎሪው እንደ መጀመሪያው የተወሰነ ሆኖ አትክልት፣ ዓሣ፣ በቀን ከ30 እስከ 45 ግራም የወይራ ዘይትና ጥቂት ለውዝ ነበረበት። ሦስተኛው ካርቦሃይድሬትን እጅግ ቀነሰ፤ ካሎሪ ግን አልተወሰነበትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አማካይ የክብደት ቅነሳው ለመጀመሪያው ቡድን 2.9፣ ለሜዲትራኒያኑ 4.4፣ ለሦስተኛው 4.7 ኪሎ ግራም ሆነ። ሚዛን ብቻ ያየ ሰው ካርቦሃይድሬት የቀነሰው ቡድን አሸነፈ ይላል። ሆኖም ተመራማሪዎቹ የስኳር ሕመም የነበረባቸውን 36 ሰዎች ለይተው ሲመረምሩ፣ በባዶ ሆድ የሚለካው ግሉኮስ የወረደው በሜዲትራኒያኑ ቡድን ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ቅናሹም በዴሲ ሊትር 32.8 ሚሊ ግራም ነበር። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ሐኪሞች ኤችቢኤዋንሲ የሚሉት፣ ግሉኮስ የተጣበቀበትን የሄሞግሎቢን ድርሻ የሚያሳየው ልኬት፣ ከአጋጣሚ በሚለይ መጠን የቀነሰው ካርቦሃይድሬት በቀነሰው ቡድን ብቻ ነበር።

ታዲያ ሁለት የስኳር መለኪያዎች ለምን ተለያዩ? በባዶ ሆድ የሚለካው ግሉኮስ መኪና በአንድ ቅጽበት የነበራትን ፍጥነት ይመስላል። ኤችቢኤዋንሲ ደግሞ ከሁለት እስከ ሦስት ወር በተደረገው ጉዞ የነበረውን አማካይ ፍጥነት ይመስላል፤ ከምግብ በኋላ የሚመጣውን ከፍታም ያካትታል። ሌሊቱን የሚያሻሽል አመጋገብና ከምግብ በኋላ ያለውን ከፍታ የሚቀንስ አመጋገብ የግድ አንድ አይሆኑም። 36 ሰዎች ለሦስት ሲከፈሉ ቁጥራቸው ትንሽ እንደሆነም አንዘንጋ።

የ4.4 ኪሎ ግራሙን ትርጉም በስሌት እንመልከት። በ7,700 ስናባዛው 33,880 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ለ730 ቀናት ሲካፈል በቀን 46 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ማለት ነው። በእርግጥ ይህ አማካይ ነው። በዲሞና ክብደት በብዛት የቀነሰው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ቅነሳው ቆመ፤ ከፊሉም ተመለሰ።

ከምን ጋር? ለምን ያህል ጊዜ?

በኮፐንሃገን ደግሞ «አዲሱ የኖርዲክ አመጋገብ» ተፈተነ። ይህ አመጋገብ አጃ፣ ገብስ፣ ጎመን፣ ሥራ ሥር፣ ዓሣና እንጆሪ መሰል የአካባቢው ፍሬዎች የሚበዙበት ነው። ወገባቸው የሰፋ 181 ሰዎች ለ26 ሳምንታት ምግባቸውን ዩኒቨርሲቲው ካዘጋጀው መደብር በነጻ እየወሰዱ እስኪጠግቡ ተመገቡ። በ2014 እንደተዘገበው አዲሱን አመጋገብ የተከተሉት 4.7 ኪሎ ግራም፣ የተለመደውን የዴንማርክ ምግብ የበሉት 1.5 ኪሎ ግራም ቀነሱ።

አሁን አንድ ወጥመድ አለ። 4.7 ከ4.4 ይበልጣልና የኖርዲኩ ከሜዲትራኒያኑ ይሻላል እንበልን? አንችልም። የኮፐንሃገኑ ግማሽ ዓመት፣ የዲሞናው ሁለት ዓመት ነው። በአንዱ ምግቡ በነጻ ተሰጠ፤ በሌላው አልተሰጠም። ደግሞም የኖርዲኩ የተነጻጸረው ከዴንማርክ የዘወትር ምግብ ጋር እንጂ ከወይራ ዘይት ማዕድ ጋር አይደለም። ሁለት ሯጮች በተለያየ ሜዳ፣ በተለያየ ርቀት ሮጠው ሰዓታቸው ቢነጻጸር ማን እንደቀደመ አይታወቅም።

ሦስተኛው ምሳሌያችን የጃፓኗ ኦኪናዋ ናት። በ1949 በተሰበሰበ የምግብ መረጃ መሠረት ነዋሪዎቿ ከሚመገቡት ካሎሪ 85 በመቶው ከካርቦሃይድሬት ይገኝ ነበር፤ 69 በመቶው ከስኳር ድንች ብቻ ነበር። ሰዎቹ ግን ቀጫጮች ነበሩ። ምስጢሩ ካርቦሃይድሬቱ አልነበረም፤ የቀኑ ምግብ ከ1,800 ኪሎ ካሎሪ በታች ነበር፣ ሥራቸውም የእጅ ሥራ ነበር። ማዕዱን ከነአኗኗሩ እንጂ ስኳር ድንቹን ብቻ ነጥሎ መኮረጅ ያንኑ ውጤት አያመጣም።

ወደ ራሳችን ማዕድ ስንመለስ

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት እንጀራን መኮነንም ማወደስም አይደለም። እርሻ የሚውል ገበሬና ሙሉ ቀን ወንበር ላይ የሚቀመጥ ተማሪ አንድ ዓይነት እንጀራ ቢበሉም የኃይል ሂሳባቸው አንድ አይደለም። ከዲሞናና ከኮፐንሃገን የጋራ ባሕርይ ልንወስድ የምንችለው ግን በቤታችን አለ፦ ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን። አሰር የበዛበት ምግብ የግሉኮስን ፍሰት ያዘገያል። ያልተፈጨ ፍሬ ከዱቄት ያነሰ የገጽ ስፋት ስላለው ለኢንዛይም ቀስ ብሎ ይገለጣል፤ ንፍሮ ከነጭ ዳቦ የሚለየው በዚህም ነው። በሌላው ጫፍ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይይዛል። በመላው ደማችን ውስጥ ያለው 4.5 ግራም መሆኑን እናስታውስ።

በመጨረሻም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያሉ ኪኒኖችን የሚወስዱ ሰዎች የመድኃኒታቸው መጠን የተወሰነው በሚበሉት ምግብ ልክ ነው። ምግቡን በአንድ ጊዜ ቀንሶ ወይም ጾም ጀምሮ መድኃኒቱን እንደነበረ መቀጠል የደም ስኳርን ከ70 በታች ሊያወርደው፣ ራስንም ሊያስት ይችላል። በእኛ ስሌት 70 ማለት 3.5 ግራም ነው፤ ከጤናው መጠን በአንድ ግራም ብቻ ያነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ተማሪ ለእናቱ የአመጋገብ ስም ይዞ ከሚሄድ ይልቅ፣ የሚበሉትንና የልኬታቸውን መዝገብ ይዘው አብረው ወደ ሐኪማቸው ቢሄዱ ይበጃል።